ደወሉ በሌሊት ቢሰማ ማን ይደርሳል?

በመከራ ቀን ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ምእመናን ጥበቃ፥ ለደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር



የኢዮቤልዩ በዓል ዓመት የሚቈጠርበት በዓል ነው። በዚህ ቀን ሰው ሁሉ የሚያነሣው የደስታውን ዘመን ነው፤ ታቦቱ የገባበትን፥ ጉልላቱ የቆመበትን፥ ሕዝቡ በእልልታ የሞላበትን ዕለት ያስባል። ይህም የተገባ ነው። ዳሩ ግን አንድ ደብር የመከራውን ቀን ካልቈጠረ ታሪኩን በሙሉ ቈጠረ ማለት አይቻልም። ያለፈው መከራ ለሚመጣው መከራ መምህር ነውና፥ ትምህርቱን የረሳ ሰው ዋጋውን ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

አራዳ ለዚህ ትምህርት የሩቅ ምሳሌ አያስፈልገውም። በመካከሉ የቆመው ባለ ስምንት ማዕዘኑ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ የ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት በእርሱ ነው። ይህ ክብር በሰፊው ይነገርለታል። ይህ ሰፈር ከክብሩ ጋራ ያየው መከራ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ከእርሱም ሦስቱን ማንሣት ይበቃል።

የመጀመሪያው ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. የሆነው የምድር መናወጥ ነው። መነሻው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሲሆን፥ በዛሬ ሊቃውንት ግምት ኀይሉ በመለኪያው ወደ 7 የሚጠጋ ነበረ። ከተማይቱም ተናወጠች፤ ሕዝቡም እጅግ ደነገጠ። ነገር ግን በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ቤት አብዛኛው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፥ ክዳኑም ሣር ነበረ። እንዲህ ያለው ቤት ቢወዛወዝም እንደ ድንጋይ ክምር በሰው ላይ አይናድም። ዛሬ ግን በዚያው ምድር ላይ የቆመው ፎቅና ሲሚንቶ፥ ድንጋይና ብሎኬት ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን መትረፍ ለዛሬ ሰው ዋስትና አይሆነውም።

ሁለተኛው በኅዳር 1911 ዓ.ም. የመጣው የኅዳር በሽታ ነው። ይህ በሽታ በዓለም ሁሉ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ ሲሆን፥ ወደ አዲስ አበባም ገብቶ ትልቁንና ትንሹን ሳይለይ ጣለ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው የዳኑት በዚሁ ጊዜ ነው። አስታማሚ ታጣ፤ ቀባሪም ታጣ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠልበት የኅዳር ሲታጠን ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። ከዚህ መከራ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ይኸውም የሚረዳው ሰው ከሚረዳው ሰው ጋራ አብሮ የሚወድቅበት ቀን አለ። አንድ ሥራ በአንድ ሰው ላይ ብቻ የተጣለ እንደሆነ፥ ያ ሰው የታመመ ዕለት ሥራው አብሮት ይታመማል።

ሦስተኛው የእሳት መከራ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ባደረሱት እልቂት ጊዜ የአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስም በእሳት ተቃጠለ። ይህ እሳት ከሰው ክፋት የመጣ እንጂ ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ ነገር ግን እሳት ከመብረቅ ቢነሣ ወይም ከጠላት እጅ ቢነሣ ለመጋረጃውና ለብራናው ልዩነት የለውም። በእነዚያ ቀኖች እሳቱን ሊያጠፋ ይሮጥ የነበረው ጎረቤት ራሱ በየመንገዱ የሚታደን ነበረ። ሕንፃው ከ1933ቱ ነጻነት በኋላ ታድሶ ለዛሬ ደርሷል። ድንጋይ በድንጋይ ይተካል፤ በአንድ ስፍራ ብቻ ተጽፎ በአንድ ስፍራ ብቻ የተቀመጠ ነገር ግን ከተቃጠለ ተተኪ የለውም።

እነዚህ ሦስቱ መከራዎች ሦስት ነገር አስተምረዋል። ሕንፃው ሲከብድ አደጋውም እንደሚከብድ፥ ሥራ ሁሉ ምክትል እንደሚያሻው፥ መዝገብም ከአንድ በላይ ሆኖ በተለያየ ስፍራ መቀመጥ እንዳለበት። አሁን ግን ከእነዚህ የሚበልጥ አራተኛ ነገር መጥቷል።

የቀድሞው ሰው አጥቢያውን በምን ይጠብቅ ነበር? በጎረቤት ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ከበው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ ደወል ያለ ጊዜው የተሰማ እንደሆነ ወይም ኡኡታ የተሰማ እንደሆነ አንዱ በእንስራ ውኃ፥ አንዱ መጥረቢያ ይዞ ይደርሳል። የማን ቤት የት እንደሆነ፥ የትኛዋ ባልቴት ብቻዋን እንደምትተኛ፥ የትኛው ሽማግሌ መነሣት እንደማይችል ሁሉም ያውቃል። ይህ ሁሉ በወረቀት አልተጻፈም፤ በሰው ልብ ተጽፎ ነበርና መጻፍ አላስፈለገም።

በ2016 ዓ.ም. ግን በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በዙሪያው የነበሩ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ልዩ ልዩ የከተማው ስፍራዎች ተዛወሩ። መንገዱ ሰፋ፤ መብራቱም በዛ። ምእመኑም ደብሩን አልተወም፤ ለሰንበትና ለንግሥ ከሩቅ ሰፈር በታክሲ እየመጣ ይሳለማል። ሌሊት ግን በዚያ የለም። ደወሉ በስምንት ሰዓት ሌሊት ቢሰማ፥ ቀድሞ ከአጥሩ ማዶ ይነሣ የነበረው ሰው ዛሬ ድምፁን አይሰማም።

ይህም በሆነ በዓመቱ ምድር ራሷ ማሳሰቢያ ሰጠች። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ተናወጠች፤ በየካቲት 7 ቀን የሆነው በመለኪያው 6 ደረሰ። በዚያ አገር በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠር ሰው ቀዬውን ለቆ ወጣ። አዲስ አበባም ንዝረቱ ተሰማት፤ በፎቅ የሚኖረው ሰው ልጁን ታቅፎ ወደ ሜዳ ወረደ። በከተማው ጉዳት ስላልደረሰ ብዙ ሰው ረሳው። የአስተዋለ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይቀርበታል፤ በአራዳ ከቤቱ የሸሸ ሰው በቅርቡ የሚያገኘው ሰፊ ግቢ የማን ነው? መልሱ የቤተ ክርስቲያን ነው። ታዲያ በዚያ ሌሊት በሩን የሚከፍተው ማን ነው?

የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ጎረቤት ያለ ጽሕፈት ይሠራው የነበረውን ሥራ፥ ከእንግዲህ ደብሩ በጽሕፈትና በሹመት ሊሠራው ይገባል።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ ቤቱ የእግዚአብሔር ነውና ባለቤቱ ይጠብቀዋል፥ ይህን ያህል መሰናዳት የእምነት ማነስ አይደለምን? ይል ይሆናል። ይህ አሳብ ከትሕትና የመጣ ቢመስልም ትምህርተ ሃይማኖት አይደግፈውም። ኖኅ መርከቡን የሠራው ዝናም ከመዝነሙ በፊት ነው፤ ዮሴፍም እህሉን በጎተራ ያከማቸው በጥጋቡ ዘመን ነው። ሁለቱም ስለ እምነታቸው የሚመሰገኑ እንጂ ስለ ጥርጥራቸው የሚነቀፉ አይደሉም። ጸሎት ሥራን ይባርካል እንጂ ሥራን አይከለክልም። አሸንዳው በደረቀ ቅጠል ተደፍኖ ውኃው ወደ መቅደሱ ግድግዳ ቢወርድ፥ ይህ የስንፍና ፍሬ እንጂ ፈተና ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

እንግዲህ በሰላሙ ቀን የሚሠራው ምንድር ነው?

በመጀመሪያ ሰውና ቍልፍ ይወሰናል። ታቦቱን ከካህን በቀር የሚነካው የለም። ስለዚህ ሌሊት በግቢው ያለው ዘበኛ ብቻ የሆነ እንደሆነ፥ ዘበኛው የቱን ያህል ታማኝ ቢሆን ከማልቀስ በቀር የሚያደርገው አይኖርም። ሰሞነኛ ካህናት በተራቸው ከግቢው ሳይለዩ እንዲያድሩ፥ ታቦቱን የሚያነሣው ካህን ከነምክትሉ በየሰሞኑ እንዲታወቅ፥ ታቦቱም ወጥቶ የሚያርፍበት ስፍራ አስቀድሞ እንዲወሰን ያስፈልጋል። የዕቃ ቤቱ ቍልፍ በአንድ ሰው ኪስ ብቻ ከሆነ፥ ያም ሰው ሌሊት ከከተማው ዳር የሚተኛ ከሆነ፥ ቍልፉ የለም ማለት ነው።

ሁለተኛ፥ ሕንፃው ይመረመራል። ይህ ሥራ ክረምት ሳይገባ፥ ግንቦት ሳያልፍ መፈጸም አለበት። ቆርቆሮው ይታያል፤ አሸንዳው ይጠረጋል፤ በዙሪያው ያለው ቦይ ይከፈታል። አራዳ ከእንጦጦ በታች በተዳፋት ላይ ያለ አገር ነውና፥ በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ጎርፍ መንገድ ካልተሰጠው ራሱ መንገድ ይፈልጋል። የደረቀ የጽድ ቅርንጫፍ በጣሪያው ላይ ሳይወድቅ ይቈረጣል። በጉልላቱ ላይ መብረቅን ተቀብሎ ወደ መሬት የሚያወርድ የመዳብ ሽቦ መኖሩና አለመበጠሱ በባለሙያ ይታያል፤ ከፍ ባለ ስፍራ የቆመ ጉልላት መብረቅን ይጠራልና። ግድግዳው የተሰነጠቀ እንደሆነ ስንጥቁ በኖራ አይሸፈንም፤ ቀኑና ርዝመቱ ተጽፎ መሐንዲስ ይጠራል። የተሸፈነ ስንጥቅ የተደበቀ በሽታ ነው።

ሦስተኛ፥ ስለ እሳት ይታሰባል። ጧፍና ሻማ፥ የጽና ፍም፥ ምንጣፍና መጋረጃ፥ ያረጀ የኤሌክትሪክ ሽቦ፥ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ጧፍ የሚበራበት ስፍራ ከመጋረጃ የራቀ ይሁን፤ ሽቦው በባለሙያ ይፈተሽ፤ የእሳት ማጥፊያውም ዲያቆናቱና ዘበኛው ሊጠቀሙበት የተማሩት ይሁን። በማኅሌቱና በንግሡ ሌሊት ሕዝቡ ሲሞላ ደግሞ በሮቹ ሁሉ ክፍት ሆነው በእያንዳንዱ በር አንድ ሰው ይቁም።

አራተኛ፥ መዝገብ ይጻፋል። ንዋየ ቅድሳቱ፥ የብራና መጻሕፍቱ፥ ሥዕሎቹ ሁሉ እየተቈጠሩ፥ ልካቸውና መልካቸው እየተጻፈ፥ ፎቶግራፋቸውም እየተነሣ አንዱ ቅጂ በደብሩ፥ አንዱ በሀገረ ስብከቱ ይቀመጣል። ስለዚህ ነገር የፈረንሳይ አገር ምሳሌ ይጠቅማል። ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በፓሪስ የምትገኘው የኖትር ዳም ካቴድራል በተቃጠለች ጊዜ የማስጠንቀቂያው ምልክት ቢሰማም፥ ጠባቂው በመጀመሪያ የተላከው ወደ ሌላ ጣሪያ ነበረና ወደ ግማሽ ሰዓት የሚሆን ጊዜ ባከነ፤ ጣሪያውም ጠፋ። የከበሩት ዕቃዎች ግን እሳት አጥፊዎችና ሌሎች ሰዎች በሰልፍ ቆመው ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ስላወጡአቸው ብዙዎቹ ዳኑ። ከቃጠሎው ብዙ ዓመት አስቀድሞ አንድ የታሪክ ሊቅ ሕንፃውን በብርሃን መሣሪያ እያንዳንዱን ስፍራ ለክቶ ነበርና፥ ያ ልክ ለአዳሾቹ ትልቅ እርዳታ ሆናቸው፤ ካቴድራሏም በኅዳር 2017 ዓ.ም. ተከፈተች። ሊቁ ግን ቃጠሎውን ሳያይ ዐርፎ ነበር። ለማያየው ቀን የሠራ ሰው እንዲህ ያለ ነው።

አምስተኛው ከአራቱ ሁሉ ይበልጣል፤ እርሱም የሰው መዝገብ ነው። በግቢው ጥግ የሚያድሩት ነዳያን ስንት ናቸው? የአብነት ተማሪዎቹ የሚተኙበት ቤት ምን ዓይነት ነው? ዓይነ ስውሩ መሪጌታ ሌሊት እጁን ይዞ የሚያወጣው ማን ነው? በአጥቢያው የቀረችው ብቸኛ አሮጊት በየትኛው ፎቅ ትኖራለች? ሰበካ ጉባኤው ከሰንበት ትምህርት ቤቱና ከዕድሮቹ ጋራ ሆኖ ይህን ቢጽፍ፥ ለእያንዳንዱም ደካማ ሰው አንድ ጐልማሳ ከነምክትሉ ቢመድብለት፥ የፈረሰው ጉርብትና በሌላ መልክ ተመልሶ ቆመ ማለት ነው። ወደ ሩቅ ሰፈር የተዛወሩትም ከዚህ መዝገብ ሊወጡ አይገባም፤ ደወሉ ባይደርስላቸውም ስልክ ይደርስላቸዋልና።

መከራው በደረሰ ሰዓትስ? ያን ጊዜ ሕጉ አንድ ነው፤ አስቀድሞ ሰው ይውጣ። በ1748 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1755፥ በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝበን ምድር የተናወጠችው በቅዱሳን ሁሉ በዓል ቀን፥ ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሳለ ነው። ብዙ ሰው በተናደው ድንጋይ ሞተ፤ የወደቀው ሻማና የምድጃው እሳትም ከተማውን ለብዙ ቀን አቃጠለ። ስለዚህ ምድር በተናወጠች ጊዜ ማንም ሰው ከከባድ ዕቃና ከመስተዋት ርቆ ራሱን ይሸፍን፤ ንዝረቱም ሲቆም ሳይጋፋ ወደ ሜዳ ይውጣ፤ ዲያቆናቱም መብራቱን ያጥፉ። በተቃጠለ ቤት ውስጥ ደግሞ ማንም ብቻውን አይግባ። ቅዱስ ዕቃ ለማውጣት ያለው ቅንዓት የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ሰው ራሱ በጥምቀት የከበረ ቤተ መቅደስ ነውና፥ አንዱን መቅደስ ለማዳን ሌላውን መቅደስ ማቃጠል አይገባም።

ከዚህም ጋራ በአገራችን የደረሰ መራራ ትምህርት አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከብዙ ዝናም በኋላ መሬት ተንሸራቶ ቤተ ሰቦችን ቀበረ። ጎረቤቱም እንደ ኢትዮጵያ ልማድ ሊያወጣቸው ሮጦ መጣ፤ በቁፋሮ ላይ ሳለም መሬቱ ዳግመኛ ተንሸራቶ የመጡትን ሁሉ ደፈነ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እነዚያ ሰዎች በፍቅር የሞቱ ናቸውና ማንም ሊነቅፋቸው አይችልም። ነገር ግን ለሚተርፈው ሰው የተዉት ምክር ይህ ነው፤ የተሰነጠቀ ግድግዳና የረጠበ ተዳፋት ሁለተኛ ይመታል፤ ስለዚህ ባለሙያ አይቶ ሳይፈቅድ ማንም ከሥሩ አይግባ።

መከራው ካለፈ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ብዙ ጊዜ ሕዝቡ በመጀመሪያው ሳምንት ድንጋይ ሊያቆም ይቸኵላል። ነገር ግን ከድንጋዩ በፊት ሰው ይቈጠራል፤ የሞተው ይቀበራል፤ የቈሰለው ይታከማል፤ ቤት የፈረሰበት በደጀ ሰላሙ ይጠለላል፤ ያዘነው ይጽናናል። ቅዳሴው የአባቶች ፈቃድ ተጠይቆ በድንኳን ወይም በአቅራቢያ ባለ ደብር ይቀጥል፤ ጸሎት ያልተቋረጠበት ሕዝብ ልቡ አይፈርስምና።

ከዚያም በኋላ ዕቃው ይታያል። የረጠበ ብራና በፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ይኮማተራልና። በጥላ፥ ነፋስ ባለበት፥ ቅጠሉ ሳይላቀቅ በኀይል ሳይገለጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ጭስ ያጠቈረው ሥዕል በውኃና በሳሙና አይታጠብም፤ በአዲስ ቀለምም አይለቀለቅም። በበጎ ፈቃድ የተነሣ አንድ ሠዓሊ በአንድ ሳምንት የሚያጠፋውን፥ እሳቱ እንኳ አላጠፋውም ነበር። ባለሙያ እስኪመጣ በንጹሕ ነጠላ ተሸፍኖ ይቈይ። ከፍርስራሹ የወጣ የተጠረበ ድንጋይና የተቀረጸ እንጨትም እንደ ቆሻሻ አይጣል፤ ቍጥር ተሰጥቶት ይቀመጥ።

በመጨረሻም ገንዘብ አለ። በመከራ ጊዜ ምእመን እጁን ይዘረጋል፤ በውጭ አገር ያለውም ወንድም ይልካል። ይህ ገንዘብ በደረሰኝ ገብቶ፥ በደረሰኝ ወጥቶ፥ በየወሩ በዐውደ ምሕረት ላይ ለሕዝብ የተነበበ እንደሆነ ሕንፃው በፍጥነት ይቆማል። ያልተነበበ እንደሆነ ግን ሐሜት ይነሣል፤ ሐሜትም ከተነሣ ግድግዳው በግማሽ ይቀራል። እሳት ያልከፈለውን ሕዝብ ሒሳብ ይከፍለዋል። ስለዚህ የተቀባዩና የከፋዩ ሰው ስም፥ የመዝገቡም ዓይነት በሰላሙ ቀን አስቀድሞ ቢወሰን የብዙ ሰው ክብር ይጠበቃል።

ክቡራን አባቶች፤ የተወደዳችሁ ምእመናን። ይህ የተነገረው ሁሉ ብዙ ወርቅ የሚጠይቅ አይደለም። ዐሥር ገጽ የሚሆን ደብተር፥ ሁለት ቍልፍ፥ የተጠረገ አሸንዳ፥ ስሙ የታወቀ ካህን፥ የአሮጊቷን ደረጃ የሚያውቅ ጐልማሳ ነው። ለዚህ ኢዮቤልዩ ሻማ ይበራል፤ ዝማሬ ይቀርባል፤ መጽሐፍ ይታተማል። ከዚህ ሁሉ ጋራ ያ ትንሽ ደብተር ቢጀመር፥ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በዚህ ስፍራ በዓል የሚያከብረው ትውልድ ከስጦታው ሁሉ እርሱን ያመሰግናል።

የዓድዋ መታሰቢያ የሆነው ደብር ተቃጥሎ ታድሷል፤ በኅዳር በሽታ ቀባሪ ያጣው ከተማም ዳግመኛ ልጆች ወልዷል። ይህ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ቸርነቱን ያየ ሕዝብ ደግሞ በበኩሉ ሊሠራው የሚገባው ድርሻ አለው። ደወሉ በሌሊት ቢሰማ ማን ይደርሳል? የሚለው ጥያቄ በዚህ በዓል ሰሞን በየስሙ ተጽፎ መልስ ያግኝ። ያ ሌሊት እንዳይመጣ ይጸለይ፤ ቢመጣ ግን በሩ ተከፍቶ፥ መብራቱ በርቶ፥ ሰውም ተሰናድቶ ያግኘው።

የአባቶቻችን አምላክ አገራችንን ከመቅሠፍትና ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቅ፤ የደብሩንም በዓል ይባርክ። አሜን።